ሐዲድ ያልደረሰባት ጁባ፡ የባቡር ጣቢያ ከሐዲዱ በፊት ለምን ይታሰባል?

ማለዳ ላይ በጁባ ጉዴሌ ሠፈር መንገድ ዳር ቆሞ መጓጓዣ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ወደ ኮኞ ኮኞ ገበያ፣ ሌላው ወደ ከስተም፣ ሌላው ደግሞ መሃል ከተማ ወዳሉት መሥሪያ ቤቶች ይሄዳል። የሚጓዙት በሚኒባስ፣ በአገሬው ዘንድ ራክሻ በሚባለው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ወይም በቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት የጥርጊያ መንገዱ ጭቃ ሲሆን የሚኒባሶቹ ቁጥር ይመናመናል፤ የሞተር ሳይክሉ ዋጋ ይጨምራል፤ አቅም ያጠረው በእግሩ ያዘግማል።

ባቡር ከእነዚህ ምርጫዎች መካከል የለም። ደቡብ ሱዳን በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2011 ነጻ አገር ስትሆን ዋና ከተማዋ ጁባ ሐዲድ አልነበራትም፤ ዛሬም የላትም። ይሁን እንጂ ባቡር ወደዚህች ከተማ የሚያመጡ ዕቅዶች ከአሥር ዓመታት በላይ በመሪዎች ስምምነቶችና በካርታዎች ላይ ሰፍረው ይገኛሉ።

ታዲያ ባቡር በሌለበት ከተማ ስለ ሠፈር ባቡር ጣቢያ ማሰብ ምን ይጠቅማል? መልሱ የሚገኘው ከጎረቤት ከተሞች ልምድ ነው። ገንዘብ ከተገኘ ሐዲድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊዘረጋ እንደሚችል አዲስ አበባና ናይሮቢ አሳይተዋል። ለጣቢያ የሚሆነው መሬት ግን አንዴ ቤት ከተሠራበት በኋላ የሚገኘው ሰው በማፈናቀል ነው። ለዚህም ነው የጣቢያው ቦታ ከሐዲዱ ቀድሞ መታወቅ ያለበት።

ሐዲዱ ዋው ላይ ለምን ቆመ?

የሱዳን የባቡር መሥመር የተወለደው ከጦርነት ጋር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በጄኔራል ኪችነር የተመራው የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ወደ ካርቱም ሲገሰግስ ከኋላው ሐዲድ ያስዘረጋ ነበር። መሥመሩ ከዚያ በኋላ ጥጥና ሌሎች ምርቶችን ወደ ቀይ ባሕር የሚያደርስ የሰሜኑ ኢኮኖሚ ጀርባ አጥንት ሆነ።

ደቡቡ ከዚህ ልማት ውጭ ቀረ። የቅኝ አገዛዙ አስተዳደር ደቡቡን ከሰሜኑ ለይቶ የማስተዳደር ፖሊሲ ሲከተል፣ የአካባቢው ዋና መጓጓዣ ነጭ ዓባይ ላይ የሚመላለሱት ጀልባዎችና መርከቦች ነበሩ። ከኮስቲ እስከ ጁባ ያለው የውኃ መንገድ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ጁባም ያደገችው ይህ መንገድ በሚያልቅበት ቦታ፣ በወንዙ ምዕራባዊ ዳርቻ እንደ ወደብና እንደ አስተዳደር ማዕከል ሆና ነው።

ወደ ደቡብ የዘለቀው ብቸኛ ሐዲድ ከባባኑሳ ተነስቶ በአዌይል በኩል በአውሮፓውያኑ 1962 ዋው የደረሰው ነው። ከዋው እስከ ጁባ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። መሥመሩ በሁለተኛው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ለውጊያ የሚያገለግሉ ባቡሮች የሚመላለሱበት በመሆኑ፣ በዳርቻው ለሚኖሩ መንደሮች የፍርሃት ምልክት ሆኖ ነበር። በ2005 ከተፈረመው የሰላም ስምምነት በኋላ በለጋሾች ገንዘብ ታድሶ በ2010 ሥራ ቢጀምርም፣ ደቡብ ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል በተፈጠረው ውዝግብ አገልግሎቱ ተቋረጠ።

ወደ ጁባ የሚያመሩት ዕቅዶች የት ደረሱ?

በአውሮፓውያኑ መጋቢት 2 ቀን 2012 የኬንያው ፕሬዝዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪርና የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኬንያዋ የባሕር ዳርቻ ላሙ ተገናኝተው ላፕሴት የተባለውን ፕሮጀክት አስጀመሩ። ዕቅዱ አዲስ ወደብ፣ መንገድ፣ የነዳጅ ቧንቧ እንዲሁም ከላሙ በኢሲዮሎ አልፎ አንዱ ወደ ጁባ፣ ሌላው በሞያሌ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቅ ባቡር ይዟል። የላሙ ወደብ የመጀመሪያው መልሕቅ መጣያ በ2021 ሥራ ጀምሯል። ባቡሩ ግን አልተገነባም።

ሁለተኛው ዕቅድ በኡጋንዳ በኩል የሚመጣው ነው። ግንቦት 2014 ናይሮቢ ላይ የሞምባሳ–ናይሮቢ ባቡር ስምምነት ሲፈረም ሳልቫ ኪር ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሩዋንዳ መሪዎች ጋር በሥፍራው ነበሩ። ሐሳቡ መሥመሩ ከናይሮቢ ወደ ካምፓላና ኪጋሊ እንዲቀጥል፣ ቅርንጫፉም በሰሜን ኡጋንዳ አድርጎ በኒሙሌ በኩል ጁባ እንዲገባ ነበር። ኬንያ የሞምባሳ–ናይሮቢውን ክፍል በ2017 አስመረቀች፤ በ2019 ደግሞ እስከ ናይቫሻ አካባቢ አደረሰችው። እዚያ ላይ ገንዘቡ አለቀ፤ መሥመሩም ቆመ።

ኡጋንዳ ለዓመታት የቻይናን ብድር ስትጠብቅ ቆይታ ፊቷን አዞረች። በ2024 ከማላባ እስከ ካምፓላ ለሚዘረጋው 272 ኪሎ ሜትር መሥመር ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር የ2.7 ቢሊዮን ዩሮ ውል ፈረመች። ኩባንያው በኢትዮጵያ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያን መሥመር የሠራው ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ኡጋንዳ ከቶሮሮ እስከ ጉሉ ያለውን አሮጌ ሐዲድ ወደማደስ ገብታለች። ጉሉ ከጁባ በመኪና መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከጁባ አንጻር ሲታይ ባቡር ቅርብ የሚባለው እዚያ ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ። በአካባቢው ያሉት ሐዲዶች ስፋታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የሱዳኑና የዋው መሥመር 1,067 ሚሊ ሜትር፣ የኬንያና የኡጋንዳ አሮጌ ሐዲድ 1,000 ሚሊ ሜትር፣ አዲሶቹ የኬንያና የኢትዮጵያ–ጅቡቲ መሥመሮች ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። በአንዱ ላይ የሚሄድ ባቡር በሌላው ላይ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ጁባ የትኛውን ሐዲድ እንደምትቀበል መወሰኗ ከየትኛው ጎረቤት ጋር እንደምትተሳሰር መወሰን ጭምር ነው።

ባቡሩ ቢመጣ በየት በኩል ይገባል?

የጁባን ካርታ ለተመለከተ የጣቢያው ጥያቄ ወዲያው ከወንዙ ጋር ይገናኛል። ከኡጋንዳ ድንበር የሚመጣው 192 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጁባ–ኒሙሌ አስፋልት መንገድ፣ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2012 የተጠናቀቀው፣ ከተማዋ የሚደርሰው በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በጉምቦ በኩል ነው። ከኬንያም ሆነ ከኡጋንዳ የሚመጣ ባቡር ይህንኑ አቅጣጫ መከተሉ አይቀርም።

የከተማዋ ዋና አካል ያለው ግን በምዕራቡ ዳርቻ ነው። ገበያዎቹ፣ ሚኒስቴሮቹ፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና አውሮፕላን ማረፊያው ሁሉ ከወንዙ ማዶ ናቸው። ሁለቱን ዳርቻዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያገናኝ የኖረው አንድ የብረት ድልድይ ነበር። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የነጻነት ድልድይ ግንባታው በ2013 ተጀምሮ፣ በጦርነት ሁለት ጊዜ ተቋርጦ በመጨረሻ በ2022 ለአገልግሎት በቃ። ሁለቱም ድልድዮች የተሠሩት ለመኪና ነው።

እናም ባቡሩ ጉምቦ ላይ ቢቆም ተሳፋሪው ከዚያ በኋላ ወንዙን የሚሻገረው እንደ ዛሬው በሚኒባስና በቦዳ ቦዳ ይሆናል። ይሻገር ቢባል ደግሞ ሦስተኛ ድልድይ ያስፈልጋል፤ ከድልድዩ ማዶም በተጨናነቁ ሠፈሮች መካከል ሐዲድ የሚያልፍበት መሬት መገኘት አለበት።

ኢትዮጵያውያን ይህንን ችግር ያውቁታል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር መንገደኛውን የሚያወርደው ለገሃር፣ በከተማዋ እምብርት ላይ ነበር። በአዲሱ የኢትዮ–ጅቡቲ መሥመር የሚመጣ መንገደኛ ግን የሚወርደው ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ለቡ ነው። ከተማዋ የቀላል ባቡር ቢኖራትም መሥመሩ ለቡ አይደርስም። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በባቡር የተጓዘ ሰው የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ለመጨረስ ታክሲ ይፈልጋል።

አንድ የሠፈር ጣቢያ ምን ይፈልጋል?

ለረጅም ርቀት የሚያገለግል ዋና ጣቢያና በየቀኑ ወደ ሥራና ወደ ገበያ የሚመላለስ ሰው የሚጠቀምበት የሠፈር ጣቢያ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ጉምሩክ፣ መጋዘንና ሰፊ አዳራሽ ይፈልጋል። ሁለተኛው በአንጻሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ከባቡሩ ወለል ጋር የተስተካከለ መሳፈሪያ፣ ጣሪያ፣ መብራት፣ የቲኬት መሸጫና መጸዳጃ ቤት ቢኖረው በቂ ነው።

የሠፈር ጣቢያን ጣቢያ የሚያደርገው ግን ከአጥሩ ውጭ ያለው ነው። ሰው ከቤቱ በእግሩ የሚመጣበት ደረቅ መንገድ፣ ሐዲዱን ያለ ሥጋት የሚሻገርበት ቦታ፣ ሚኒባስና ቦዳ ቦዳ የሚቆሙበት ሜዳ፣ ሻይና አትክልት የሚሸጡ ሴቶች የሚቀመጡበት ሥፍራ፣ የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ያስፈልገዋል። ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በሚጥልባት፣ ክረምት ላይ ብቻ የሚፈሱ ጅረቶች ሠፈሮቿን በሚቆራርጧት ጁባ፣ ቦይ የሌለው ጣቢያ የዓመቱን ግማሽ የሚያገለግለው በጭንቅ ነው።

ይህ ሁሉ መሬት ይፈልጋል። መሬቱም የሚገኘው ሰው በሚኖርበት ሠፈር ውስጥ ነው፤ ሰው የሌለበት ጣቢያ ተሳፋሪም አይኖረውምና።

ከአዲስ አበባ የሚገኘው ትምህርት

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ብዙ የተነገረለት ፕሮጀክት ነበር። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝሙትና 39 ጣቢያዎች ያሏቸው ሁለቱ መሥመሮች 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶባቸዋል። ከዚህ 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት–ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ዋጋው ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለቀን ሠራተኛውና ለተማሪው ትልቅ እፎይታ ሆኗል።

ሁለት ችግሮች ግን ቆይተው ጎልተው ወጡ። አንደኛው የእግረኛው ነው። ሐዲዱ በመሬት ላይ በሚሄድባቸው ቦታዎች የተሠራው አጥር መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ የሚኖሩ ጎረቤቶች ለመገናኘት ረጅም መንገድ መዞር ግድ ሆነባቸው። ጣቢያው የመሳፈሪያ ቦታ ብቻ ሳይሆን ሠፈሩ የሚሻገርበት በር መሆኑ በግልጽ የታየው አጥሩ ከቆመ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የጥገና ነው። መሥመሩ ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ እጥረት የተነሳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ ሲንቀሳቀሱ ታይተዋል። ከቲኬት የሚገኘው ገቢም የሥራ ማስኬጃውን ወጪ መሸፈን አልቻለም። ባቡሩ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ የማይታወቅ ከሆነ የተዋበ ጣቢያም ሰው በሰልፍ የሚደክምበት ቦታ ይሆናል።

ከናይሮቢ የሚገኘው ትምህርት

ናይሮቢ የሄደችበት መንገድ ይለያል። ከተማዋ የተቆረቆረችው እንግሊዞች በዘረጉት የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ ላይ በመሆኑ፣ መነሻ የሚሆን አሮጌ መሥመር ነበራት። ኅዳር 2012 በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻዋ የተከፈተው የሲዮኪማው ጣቢያ ኬንያ ነጻ ከወጣች ወዲህ የተሠራ የመጀመሪያው አዲስ ጣቢያ ተብሏል። ተሳፋሪዎች መኪናቸውን እዚያ አቁመው በባቡር መሃል ከተማ እንዲገቡ ታስቦ የተሠራ ነው። አዲሱ የሞምባሳ መሥመር ማብቂያ ጣቢያም እዚያው ሲዮኪማው ላይ ሲገነባ፣ ከሞምባሳ የሚመጣውን መንገደኛ በሠፈር ባቡር ወደ መሃል ከተማ ማድረስ ተችሏል።

የናይሮቢ ከባዱ ታሪክ ግን ያለው በኪቤራና በሙኩሩ ነው። በእነዚህ የድሆች ሠፈሮች ቤትና ሱቅ ከሐዲዱ ጥቂት ርምጃዎች ርቆ፣ አንዳንዴም ተጠግቶት ተሠርቶ ነበር። በአውሮፓውያኑ 2004 የባቡር ባለሥልጣኑ ነዋሪዎቹ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲነሱ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሳ። ከዚያ በኋላ በዓለም ባንክ ድጋፍ ሌላ መንገድ ተፈለገ። ነዋሪዎች ራሳቸው በተሳተፉበት ቆጠራ ማን የት እንደሚኖር ተመዘገበ፤ ነጻ መደረግ የነበረበት የመሬት ስፋት ተቀነሰ፤ ለተነሺዎችም በዚያው በሐዲዱ ዳር ቤቶችና የመሸጫ ሱቆች ተሠሩላቸው። ሥራው ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። ያም ሆኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኑሯቸውና ከደንበኞቻቸው ሳይርቁ ሐዲዱን ነጻ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል።

በጁባ መሬቱ የማን ነው?

ለጁባ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። የደቡብ ሱዳን የ2009 የመሬት ሕግ መሬትን የሕዝብ፣ የማኅበረሰብና የግል ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲወስድ ካሳ መክፈል እንዳለበትም ይደነግጋል። በከተማዋ ውስጥ ያለው ቦታ ከሱዳን ዘመን በተወረሰ አሠራር በደረጃ ተከፋፍሎ በሊዝ ይሰጣል። በዳርቻው ያለው መሬት ግን በአብዛኛው የባሪ ማኅበረሰብ የአባቶቼ ነው የሚለው ነው። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር በማኅበረሰቡ፣ በማዕከላዊ ኢኳቶሪያ ግዛት አስተዳደርና በብሔራዊው መንግሥት መካከል አለመግባባት ሲነሳ ቆይቷል።

በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። ከ2005 በኋላ ከስደትና ከካርቱም የተመለሱ ሰዎች ባገኙት ባዶ ቦታ ሠፈሩ። በ2009 በከተማዋ ብዙ ቤቶች ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ፈረሱ። ታኅሣሥ 2013 እና ሐምሌ 2016 በከተማዋ ውጊያ ሲቀሰቀስ ደግሞ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ ተባበሩት መንግሥታት መጠለያዎችና ወደ ጎረቤት አገሮች ሸሹ። ሲመለሱ በቤታቸው ሌላ ሰው ኖሮበት ያገኙት ጥቂቶች አይደሉም።

እንዲህ ባለ ከተማ ለጣቢያ የሚሆን ቦታ ለማስለቀቅ ቆጠራ ቢካሄድ የሚመዘገበው ማን ነው? በዕለቱ ቤቱ ውስጥ የተገኘው ወይስ በካምፓላ የስደተኛ መታወቂያ ይዞ የተቀመጠው ባለ ይዞታ? ሕጉ ሴቶች መሬት የመያዝ መብት እንዳላቸው ቢያውቅም፣ ሰነዱ በባል ወይም በወንድም ስም ሲሆን ካሳውን የሚወስደው ማን ነው? ተከራዩና በረንዳ ላይ የምትነግደው ሴትስ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚጀመር ግንባታ ለአንዱ መጓጓዣ፣ ለሌላው ዳግም መፈናቀል ይሆናል።

ተፈናቃዮቹ ስንት እንደሚሆኑ ለመገመት እንኳ መነሻው ያረጀ ነው። በአገሪቱ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው ከነጻነት በፊት በ2008 ነበር። ያኔ የጁባ አውራጃ ሕዝብ 370 ሺህ ገደማ እንደነበር ተመዝግቧል። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ በብዙ እጥፍ እንዳደገች ለሚያያት ሁሉ ግልጽ ነው።

ገንዘቡስ?

የደቡብ ሱዳን መንግሥት ገቢ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከነዳጅ ዘይት ነው። ዘይቱ ለገበያ የሚደርሰው በሱዳን ምድር በሚያልፍ ቧንቧ ሲሆን፣ የካቲት 2024 ዋናው ቧንቧ በጦርነት ቀጣና ውስጥ ሲፈነዳ የአገሪቱ በጀት ተናጋ። የመንግሥት ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቆይተዋል። የሠፈር ባቡር ዋነኛ ተሳፋሪዎች የሚሆኑት ደግሞ እነዚሁ ሠራተኞች ናቸው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡርም ለጁባ ገና ሩቅ ነው። ከተማዋ በ2019 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የናፍጣ ማመንጫ ከመመረቋ በፊት አብዛኛው ነዋሪና ነጋዴ መብራት የሚያገኘው ከራሱ ጄኔሬተር ነበር። ናይሮቢ ለሠፈር አገልግሎቷ ከስፔን ያስመጣቻቸው ያገለገሉ የናፍጣ ባቡሮች ለእንዲህ ዓይነቱ ከተማ የሚቀርብ አማራጭ ናቸው።

እስከዚያው ምን ማድረግ ይቻላል?

ዳሬሰላም አንድ መካከለኛ መንገድ አሳይታለች። በ2016 የጀመረችው የፈጣን አውቶቡስ አገልግሎት 21 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም፣ ለአውቶቡስ ብቻ በተከለለ መንገድ ላይ የሚሄድ ነው። አውቶቡሶቹም እንደ ባቡር በጣቢያዎች ይቆማሉ። የተከለለ መንገድ ያለው ከተማ ወደፊት አቅሙ ሲፈቅድ ወደ ሐዲድ መቀየር ይችላል። መንገዱ በቤት የተሞላበት ከተማ ግን ያ ዕድል የለውም።

ለጁባም ዛሬ የሚቻለውና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ይህ ነው። ባቡሩ ከምሥራቅ ሲመጣ የሚያልፍበትን፣ ወንዙን የሚሻገርበትንና ጉምቦን ከኮኞ ኮኞ፣ ከከስተምና ከጉዴሌ የሚያገናኘውን መሥመር በካርታ ላይ ማስፈር፤ ከባሪ ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ መስማማት፤ በዚያ መሥመር ላይ አዲስ የሊዝ ይዞታ አለመስጠት፤ አሁን የሚኖሩትን ደግሞ ያሉትንም የተሰደዱትንም መመዝገብ። እስከዚያው በዚሁ መሥመር ላይ ሚኒባሶችና አውቶቡሶች ሊመላለሱበት፣ ነጋዴዎች ሊሠሩበት፣ የውኃ ቦይም ሊቆፈርበት ይችላል።

ሐዲዱ በአሥር ዓመት ሊመጣ ይችላል፤ በሠላሳም ሊሆን ይችላል። በጉዴሌ መንገድ ዳር ቆሞ ሚኒባስ የሚጠብቀው ሰው ግን ለባቡሩ ተብሎ ነገ ቤቱ ይፍረስበት ወይም አይፍረስበት የሚወሰነው መሬቱ ዛሬ በሚያዝበት መንገድ ነው።